ሁልጊዜ ጠዋት የሆነባት መኪና

ተረቴ መጣች፤ ጆሯችሁን ክፈቱላት። በመሀል «ይኼማ አይሆንም» የሚል ሰው ካለ ከአሁኑ ተነስቶ በረንዳ ላይ ይቀመጥ፤ እኔ ተረት መሀል የሚገባ ሰው አልወድም። መኪናና የመኪና ዕቃ ድሮ ይናገሩ ነበር። የተዉት ሰው አልሰማ እያለ ስላስቸገራቸው ነው። የምነግራችሁ ገና ሳይተዉት በፊት የሆነውን ነው።

ወንድይራድ የሚባል ሾፌር ነበር። ዳማ የምትባል ቀይ መኪና ነበረችው። ስሟን ያወጣላት እሱ ራሱ ነው፤ አባቱ ዳማ ፈረስ ነበራቸውና።

ወንድይራድ ያኔ የሚሠራው ቆላ ነው፣ አዋሽ በረሃ። አሸዋው ሲያስቸግረው ዳማን ከፍ አደረጋትና ሰፋፊ ጎማ ገዛላት። ጉልበቷ ሲያንስበት ከሌላ መኪና ሞተር አምጥቶ አስገጠመላት። ድምጿ ሲያንስበት ደግሞ፣ ይኼ እንኳ ሳያስፈልግ ነው፣ ከኋላዋ አፈ ሰፊ ማርሚታ አስገባላት። ማርሚታ ጢሱ የሚወጣበት ቱቦ ነው። ዳማ ግማሽ ጎኗ የራሷ፣ ግማሽ ጎኗ የሰው ሆነች። ቢሆንም ትሄድ ነበር፤ ስትሄድም ደስ ትል ነበር።

በኋላ የሚስቱ የይታይሽ እናት አረጁ፤ ጧሪም አጡ። ባልና ሚስት ጓዛቸውን በዳማ ጭነው ወደ ደጋ ወጡ። ከጣርማ በር በላይ፣ ሰው በቀትርም ጋቢውን ከማይጥልባት ከተማ ገቡ። ወንድይራድ ከገጠር ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ገጠር ሰው ማመላለስ ጀመረ። አገሩን ወደደው፤ አገሩም እሱን ወደደው።

ዳማ ግን በደጋ ክፉ አመል አመጣች። ቤንዚን ትጠጣለች። መንገድ ስትሄድ ትጠጣለች፣ ቆማ ሰው ስትጠብቅ ትጠጣለች። ይኼም አልበቃ ብሏት ትጮኻለች። ጤነኛ መኪና ቆማ ስትጠብቅ ሞተሯ ለራሱ ያንጎራጉራል፤ ይህን ሾፌሮች ሚኒሞ ያዘች ይላሉ። ዳማ ሚኒሞ አልይዝ አለች። ቄሱ ለስብከት ሲቆሙ እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሆና ታጓራ ነበር።

ወንድይራድ በአንድ ነገር ብቻ ይጽናና ነበር። የዳማ የሙቀት መርፌ ከታች ከተኛችበት ንቅንቅ አትልም። መናኸሪያ ላይ ቆሞ «የኔ መኪና ሙቀት የሚባል ነገር አታውቅም» እያለ ይፎክራል። በረሃ የኖረ ሾፌር ከዘንዶ ይልቅ ሙቀት ይፈራል፤ አትፍረዱበት።

ፉከራው ግን ወጥ አይሆንም። ወንድይራድ ያመጣውን ሁሉ ዳማ ጠጣችው። አንድ ሰኞ ከሚስቱ ጋር ግቢ ውስጥ ተቀምጦ እንዲህ አለ፦

«ይታይሽ፣ ከዚህች መኪና ጋር ልንለያይ ነው። እስከ ቅዳሜ ካልተሻላት ለበታኙ እሰጣታለሁ።»

በታኙ መኪና እየፈታ ዕቃ ዕቃዋን የሚሸጥ ሰው ነው። ይታይሽ ዓይኗን ወደ ዳማ መለሰች። እናቷን ሐኪም ቤት የምታደርሰው ዳማ ነበረች።

ከኮፈኑ ሥር ዕቃዎቹ ይህን ሁሉ ሰሙና ለቅሶ ሆነ።

«ሞተሩ ወፍጮ ቤት ሊገባ ነው» አለች የቤንዚን ጋኗ፣ እትዬ ጋን። «ወንበሩ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሊገባ ነው። እኔም ውሃ ሊጠጣብኝ ነው። አብረን ኖረን አብረን ሳናረጅ በየሰዉ ቤት ልንበተን ነው።»

«ምን ይሻላል?» አለች ዳማ።

«ሌባው ይያዝ» አለች እትዬ ጋን። «እኔ ሞልቼ አድሬ ጎድዬ እውላለሁ። ከመካከላችን የሚበላ አለ። ማን ነው የበላው?»

ዕቃዎቹ ተያዩ። ከፊት የቆመውን ትልቁን አያ ራዲያተርን ጠየቁት፤ ውሃ የሚያበርደው እሱ ነው፣ በዕድሜም የሚበልጠው የለም።

«ዝም አይነቅዝም» አለ አያ ራዲያተር። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

እንግዲህ ዳኛ ዝም ሲል ማን እንደሚወነጀል ታውቃላችሁ። መጤው ነው። ሁሉም ወደ ኋላ ዞረው ማርሚታን አዩት።

«አንተ ነህ» አሉት። «አፍህ ሰፊ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ይበላል።»

«እኔ የጢስ በር ነኝ» አለ ማርሚታ። «የሚወጣውን እሸኛለሁ እንጂ የሚገባውን የት አየሁትና ነው?»

«ከመምጣትህ በፊት ደህና ነበርን» አሉት።

መከሩና በማግስቱ መንገድ ላይ አንቀጫቀጩት። ወንድይራድ ኮሽታውን ሰማ። መካኒኩ ዘለቀ ዘንድ ወሰዳትና ሰፊው ማርሚታ ወጥቶ ጠባብ ገባ። ድምጿ ትንሽ ቀጠነ። ቤንዚኑ ግን እንደ ዱሮው ሄደ።

እትዬ ጋን እንደገና ሰበሰበቻቸው። «ማን ነው የበላው?»

«ዝም አይነቅዝም» አለ አያ ራዲያተር።

አሁን ሚኒሞ የሚስተካከልበትን ትንሽ ብሎን አዩት። «አንተ ነህ። ስንቆም የምታስጮኸን አንተ ነህ» አሉት።

«እኔ ባዞሩኝ የምዞር ነኝ» አለ ብሎኑ። «የራሴ አሳብ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅ።»

አልሰሙትም። አንቀጫቀጩት። ወንድይራድ ካቻቢቴውን አንስቶ ብሎኑን አላላው። ዳማ ጸጥ አለች። ወንድይራድ ተደሰተ፤ ገበያተኛ ጫነ፤ ዶሮና ቅቤ ጫነ፤ አቀበቱን ጀመረ። መጠምዘዣው ላይ ከብት ሲያሳልፍ ዳማ ጠፋች። አስነሳት፤ ጠፋች። ደግሞ አስነሳት፤ ደግሞ ጠፋች።

«ወንድይራድ» አሉ ቅቤ የያዙ አንዲት ባልቴት፣ «በእግሬ ሄጄ ቢሆን እስካሁን ሸጬ ተመልሼ ነበር።»

«ይቅርታ እማማ፣ አሁን ትነሳለች።»

«ትነሳለች ልጄ። ትንሣኤም ይመጣል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድይራድ ፊቱ ቀላ፤ ብሎኑን መልሶ አጠበቀው። ዳማ እየጮኸች ገበያ ደረሰች። የደረሰች ጊዜ ያ ሁሉ መሳሳቅ እሱን አላሳቀውም፤ ቅዳሜ እየቀረበ ነበርና።

እትዬ ጋን ለሦስተኛ ጊዜ ሰበሰበቻቸው። ድምጿ ሰልሏል። «ማን ነው የበላው?»

«ዝም አይነቅዝም» አለ አያ ራዲያተር። አሁን ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው።

«እስቲ ሳጥኑን ጠይቁት» አለች ዳማ። ሳጥኑ የመኪናዋ አንጎል ነው። ከመሪው ሥር ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከቤቱ ወጥቶ ግን አያውቅም።

«ለሞተሩ ይህን ሁሉ ቤንዚን ስጡት ያልከው አንተ ነህ ወይ?» አሉት።

«እኔ ነኝ» አለ ሳጥኑ። «ጠዋት አይደል? ጠዋት ሞተር ብርድ ነው። ብርድ ከሆነ ቤንዚን ጨምሩለት፣ ድምፁንም ከፍ አድርጋችሁ አሙቁት እላለሁ። የአባቶቻችን ሕግ ነው።»

«አሁን ጠዋት ነው?»

«ጠዋት ነው።»

«ፀሐይዋ እኮ አናት ላይ ናት።»

«እኔ ፀሐይ አይቼ አላውቅም። ወሬ አቀባዩ ብርድ ነው ብሎኛል፤ ስለዚህ ጠዋት ነው።»

ወሬ አቀባዩ የጣት ጫፍ የምታህል ሴንሰር ነው። ከሞተሩ ጎን ውሃ ውስጥ ተነክሮ የውሃውን ሙቀት ለሳጥኑ ይነግራል። ሁሉም ዞሩበት።

«ውሸታም» አሉት። «በጠራራ ፀሐይ ብርድ ነው ትላለህ?»

«ኑና እኔ የተነከርኩበት ተነከሩ» አለ ወሬ አቀባዩ እየተንቀጠቀጠ። «ያየሁትን ተናገርኩ እንጂ ምን አልኩ?»

እሱንም አንቀጫቀጩት። ዘለቀ ነቀለውና አዲስ አስገባ። አዲሱ ወሬ አቀባይ ከነወረቀቱ ጠረን መጣ፤ ልብሱ ያብረቀርቃል፤ ምላሱ የታመነ ነው። ሁሉም ጆሮ ሰጡት። ውሃው ውስጥ ገባ፤ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያም «ኧረ ብርድ ነው» አለ።

«ጠዋት ነው» አለ ሳጥኑ።

ዕቃዎቹ የሚወነጅሉትን ሁሉ ጨረሱ። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ወንድይራድ ከሩቅ መንገድ ተመልሶ ዳማን ግቢው ውስጥ አቆማት። የቤቱ ድመት አጥር ላይ ነበረች። ብርድ ባለበት አገር የድመት አልጋ የመኪና ኮፈን ነው፤ መኪና ከመንገድ ስትመለስ ድመት ዘላ ወጥታ ትተኛባታለች። እመት ድመትም ዳማ ላይ ዘላ ወጣች። ወዲያው ደግሞ እግሯን እያራገፈች ወረደች።

«ምነው እመት ድመት?» አለች ዳማ። «እኔ ላይ መተኛት ከተውሽ ስንት ጊዜሽ።»

«አትቀየሚኝ እህቴ። እኔ መኪና አላውቅም፤ አልጋ ግን አውቃለሁ። የጎረቤታችን የጭነት መኪና ከገበያ ሲመለስ ጀርባው እንደ ምድጃ ነው። አንቺ ከሱ ርቀሽ ሄደሽ፣ ከሱ በላይ ጮኸሽ፣ ከሱ በላይ ጠጥተሽ ትመጫለሽ፤ ጀርባሽ ግን የወንዝ ድንጋይ ነው። የጠጣ ሰው ይሞቀዋል። አንቺን ለምን አልሞቀሽም?»

ዕቃዎቹ ይህን አስበውት አያውቁም። ያሰቡት ሌባ ሌባውን ብቻ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች እመት ድመት። «ወሬ አቀባዩ ውሃው ብርድ ነው ይላል። ውሃው ሲሞቅ የሚያበርደው ማን ነው?»

«አያ ራዲያተር ነው» አሉ።

«ሳይሞቅስ የሚያበርደው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ፊት አዩ።

«አያ ራዲያተር» አለች እመት ድመት፣ «ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ። ነገ ቅዳሜ ነው።»

አያ ራዲያተር ትልቅ ትንፋሽ አወጣ።

«በረኛ ነበረን» አለ። «ስሙ ቴርሞስታት ነው። በሞተሩና በኔ መካከል ይቆም ነበር። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ‹ቆይ፣ ገና ነህ፣ ሞተሩ ጋ ሆነህ ሙቅ› ይለዋል። ሲሞቅ ‹አሁን እለፍ፣ ሄደህ ብረድ› ይለዋል። አዋሽ በረሃ ሳለን እኔ ሆዴ በጭቃ ተደፈነ። ውሃው ማለፊያ አጣ፤ ዳማ ፈላች። የዚያ አገር መካኒክ መጣና ‹ውሃውን የከለከለው በረኛው ነው› ብሎ ነቀለው። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አውቅ ነበር። ‹እኔ ነኝ› ብል የሚነቀለው እኔ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ውሃው ሲመጣ ሲሄድ ይውላል፤ ከልካይ የለውም። በረሃው ራሱ ትኩስ ስለሆነ አልታወቀብኝም። ደጋ ስንወጣ ግን ጉዴ ወጣ። ማርሚታን ስትወነጅሉ ዝም አልኩ፤ ብሎኑን ስትወነጅሉ ዝም አልኩ፤ ወሬ አቀባዩን ስታስነቅሉም ዝም አልኩ። አፍሬ ነው።»

«የት ነው ያለው አሁን?» አለች እትዬ ጋን።

«ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአሮጌ ብሎን ጋር። ሾፌር መቼ ዕቃ ይጥላል?»

«ጌታዬ እንዴት ይህን ይወቅ?» አለች ዳማ። «እኔ ብነግረው ጮኸች ይላል።»

«እሱን ለኔ ተዪው» አለች እመት ድመት። «እኔም የማድርበት ቸግሮኛል።»

ቅዳሜ ጠዋት ወንድይራድ እንደ መሰናበቻ ገጠር ደርሶ ተመለሰ። ይታይሽ በሩን ከፈተችለት። ዳማ ገብታ እንደቆመች እመት ድመት ዘላ ኮፈኗ ላይ ወጣች፤ እግሯን አራግፋ ወረደች። ሄዳ የጎረቤቱ የጭነት መኪና ላይ ወጣች። ተመልሳ መጣች፤ ዳማ ላይ ወጣች፤ ወረደች። ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ ወጣችና ይታይሽን ዓይን ዓይኗን እያየች «ምያው» ብላ ወረደች።

«አንተ» አለች ይታይሽ፣ «ይህቺ ድመት ዳማን ምን አድርጋት ነው የጠላቻት?»

«ድመት ምን ታውቃለች?»

ይታይሽ ሄዳ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አደረገች። አነሳችና እንደገና አደረገች። «ቀዝቃዛ ናት። አሁን አይደል እንዴ የመጣኸው?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ የኔ መኪና ሙቀት አታውቅም።»

«ሙቀት የማያውቅ ሬሳ ነው» አለች ይታይሽ።

ወንድይራድ መናኸሪያ ላይ የፎከረው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ የውሃውን ጎማ ጨበጠው፤ የሰው ላብ ያህል እንኳ አይሞቅም። ያኔ አዋሽ ዳር ከዳማ ሆድ ተነቅሎ እጁ ላይ የተቀመጠው ነገር ትዝ አለው። ወንበሩ ሥር ገብቶ ቆርቆሮውን አወጣ፤ ብሎኑን መሬት ላይ ዘርግፎ በረኛውን አነሳው። ትንሽ የነሐስ ነገር ነው፤ አቧራ ለብሷል፤ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቷል።

«ውሃ ጣጂልኝ» አለ።

ይታይሽ ብረት ድስቱን እሳት ላይ ጣደች። በረኛውን ከቀዝቃዛ ውሃ ጨመሩትና ሁለቱም አጎንብሰው ያዩት ጀመር። ውሃው ለብ አለ፤ በረኛው አልከፈተም። ውሃው ሞቀ፤ አልከፈተም። ሊፈላ ሲል በረኛው ቀስ አድርጎ አፉን ከፈተ።

«ደህና ነበር» አለ ወንድይራድ። እሳቱ አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። «ደህናውን ሰው ነው ያባረርኩት።»

«እና ታዲያ ምን ትቀመጣለህ? መልሰው» አለች ይታይሽ።

ዘለቀ ተጠራ። አያ ራዲያተርን ፈታው፤ ውሃ በኃይል ለቀቀበት፤ የአዋሽ ቀይ ጭቃ ግቢውን አለበሰው። አያ ራዲያተር እያሳለው፣ እያፈረም፣ ቀለለው። ከዚያ በረኛው በጥንት ቦታው ገባ። ወንድይራድ ቁልፉን አዞረ።

ዳማ እንደ ልማዷ ጮኸች። ውሃው እንደ ልማዱ ሊሮጥ ተነሳ።

«ቆይ» አለ በረኛው።

«እንዴት ቆይ?» አለ ውሃው። «እዚህ ቤት ቆይ የሚባል ነገር የለም።»

«አሁን አለ። ገና ነህ።»

ውሃው እያጉረመረመ ከሞተሩ ጋር ቆየ። ቆይቶ ሞቀ።

«ኧረ ሞቀ» አለ ወሬ አቀባዩ።

«ምን አልክ?» አለ ሳጥኑ።

«ሞቀ።»

ሳጥኑ ለረጅም ጊዜ አሰበ። «እንዲያ ከሆነ ረፍዷል» አለ። «ቤንዚኑን ቀንሱ። ድምፁን ዝቅ አድርጉ።»

የዳማ ድምፅ ወረደ፣ ወረደና ለራሷ ማንጎራጎር ሆነ። የሙቀት መርፌዋም ከተኛችበት ተነስታ መሀል ላይ ቆመች። ወንድይራድ መርፌዋ ስትነሳ ደንግጦ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ፤ ዘለቀ ያዘው።

«ተዋት ጋሼ» አለው። «ጤና ነው።»

በዚህ መሀል በታኙ መፍቻውን በኬሻ ተሸክሞ ግቢ ገባ። ዳማን ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«በጣም ትጮኻለች ያልከኝ ይህቺን ነው?»

«እሷን ነው» አለ ወንድይራድ።

«እስቲ አስነሳትና ልስማት።»

«ተነስታለች እኮ።»

በታኙ ጆሮውን አስጠጋ። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና ሙቀቱ ተሰማው። ወንድይራድን አየ፣ ይታይሽን አየ፣ ኬሻውን ተሸክሞ ወጣ። ከኮፈኑ ሥር ዕቃዎቹ እልል ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ሚኒሞው እንዳይረበሽ ብለው ተዉት።

ደስታው በረድ ሲል እትዬ ጋን በረኛውን አነጋገረችው። «ይቅር በለን» አለችው። «ማን በላ ስንል ከረምን፣ የሌለ ሰው እንዳለ ግን አልጠየቅንም። ስትወጣም አላየንህም።»

«ስወጣ ካላያችሁኝ ስሠራም አላያችሁኝም ነበር» አለ በረኛው። «ከልካይ ስለሆንኩ ጠላት መሰልኳችሁ። አሁን ግን ቆዩ፤ ውሃው መጣብኝ» ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ዳማም ወደ ገበያ ትወርዳለች፣ ከገበያ ትወጣለች፤ የይታይሽን እናት ሐኪም ቤት ታደርሳለች። ከምትጠጣው የምታመጣው በዝቷል። ወንድይራድም መፎከሩን አልተወም፤ አሁን የሚፎክረው በሚስቱ ነው።

ይኼው ነው ተረቴ። ለጎረቤት አካፍሉት፤ ዳቦ የተቆረሰ እንደሆነ ግን እኔ እቀድማለሁ። እናንተም ቤታችሁ በረከት ርቆት፣ ያለው ሁሉ አልበቃ ብሎ እርስ በርስ የተያያችሁ እንደሆነ፣ ማን በላ ከማለታችሁ በፊት ማን ጎደለ በሉ።